በመኖ ውስጥ የእንስሳት ፕሮቲንን መለየት፦ ከናሙና አወሳሰድ እስከ ውጤት አጻጻፍ

በአንድ ኪሎ ግራም መኖ ውስጥ አንድ ግራም የሥጋና አጥንት ዱቄት ቢገባ በዓይን አይታይም፣ በማሽተት አይታወቅም፣ የተለመደው የፕሮቲን ምርመራም አያወጣውም። ይህ ምርመራ፣ የኬልዳል ዘዴ የሚባለው፣ የሚለካው ናይትሮጅንን ብቻ ስለሆነ ናይትሮጅኑ ከአኩሪ አተር ይምጣ ከበሬ አጥንት መለየት አይችልም። ተቆጣጣሪ ላብራቶሪ የሚፈለግበት ግን ይህንኑ ከሺህ አንድ፣ ማለትም 0.1 በመቶ የሆነውን ድብልቅ ማግኘት ነው።

ጉዳዩ ይህን ያህል የከበደው በእብድ ላም በሽታ ምክንያት ነው። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1986 በብሪታኒያ ከተለየ በኋላ የተስፋፋበት መንገድ ከራሳቸው ከከብቶች ተረፈ ምርት የተሠራ ዱቄት ተመልሶ ለከብቶች መመገቡ እንደሆነ ታወቀ። በሽታ አምጪው ፕሪዮን (ቅርጹ የተዛባ ፕሮቲን) ባክቴሪያን በሚገድል ሙቀት አይጠፋም፤ በ133 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በ3 ባር ግፊት ለ20 ደቂቃ ማብሰል እንኳ መጠኑን ይቀንሰዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ ለማጥፋቱ ዋስትና አይሰጥም። ብሪታኒያ በ1988፣ አሜሪካ በ1997 የሚያመሰኩ እንስሳት ፕሮቲን ለሚያመሰኩ እንስሳት እንዳይሰጥ ከለከሉ። የአውሮፓ ሕብረት በ2001 መጀመሪያ ላይ እገዳውን ለምግብነት ወደሚረቡ እንስሳት ሁሉ አሰፋው። በኋላ ግን ላላ፦ በ2013 የማያመሰኩ እንስሳት ፕሮቲን ለእርባታ ዓሣ ተፈቀደ፣ በ2021 የአሳማው ለዶሮ፣ የዶሮው ለአሳማ ተፈቀደ። ሕጉ ሲላላ የላብራቶሪው ሥራ ከበደ። ቀድሞ “የየብስ እንስሳ አጥንት አለ?” ማለት ይበቃ ነበር፤ አሁን “የየትኛው እንስሳ?” የሚለውም መመለስ አለበት።

ከመጀመርዎ በፊት ጥያቄውን ይለዩ

ሁለቱ ዋና ዘዴዎች የሚመልሱት የተለያየ ጥያቄ ነው። ማይክሮስኮፕ የሚያየው የአካል ክፍልን ነው፤ አጥንት፣ ጡንቻ፣ ፀጉር፣ ላባ፣ የዓሣ ቅርፊት። ከየብስ እንስሳ ይሁን ከዓሣ ይለያል፤ አጥንቱ የበሬ ይሁን የአሳማ ግን በአስተማማኝ ሁኔታ አይለይም። ፒሲአር (ዲኤንኤን አባዝቶ የሚለይ ምርመራ) ደግሞ የእንስሳውን ዝርያ በዲኤንኤ ይነግራል፤ ዲኤንኤው ከተከለከለው የሥጋ ዱቄት ይምጣ ከተፈቀደው የወተት ዱቄት ግን አያውቅም። በዚህ ሙያ የሚፈጸሙት ከባድ ስሕተቶች አብዛኞቹ አንዱ ዘዴ የሌላውን ጥያቄ እንደመለሰ አድርጎ ከማሰብ የሚመጡ ናቸው።

ስለዚህ ናሙናው ሲደርስ በቅድሚያ መዝገቡን ያንብቡ፦ መኖው ለማን ነው? የወተት ዱቄት፣ የደም ፕላዝማ፣ የዓሣ ዱቄት፣ ጄላቲን አለበት ተብሎ ተገልጿል? ለላም የተዘጋጀ መኖ ከሆነ በማይክሮስኮፕ ይጀምሩ፤ ምንም የየብስ እንስሳ ቅንጣት መኖር የለበትምና። የዶሮ ወይም የአሳማ ፕሮቲን ሊገባበት የተፈቀደ የዓሣ መኖ ከሆነ ማይክሮስኮፑ የሚያሳየው የተፈቀደውን አጥንት ሊሆን ስለሚችል የሚያመሰኩ እንስሳትን ዲኤንኤ የሚፈልገው ፒሲአር መቅደም አለበት።

ናሙና አወሳሰድ

ብክለቱ በመኖው ውስጥ እኩል አይበተንም። መኖ ማቀነባበሪያው ቀድሞ ሲሠራበት ከነበረው ምርት የተረፈ ዱቄት ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ከረጢቶች ላይ ተከማችቶ በኋለኞቹ ሊጠፋ ይችላል። ላልታሸገ ክምችት የአውሮፓ ሕብረት የናሙና ደንብ ጥሩ መነሻ ይሰጣል፦ እስከ 2.5 ቶን ድረስ ከ7 የተለያዩ ቦታዎች፤ ከዚያ በላይ ቶኑን በ20 አባዝተው የውጤቱን ስኩዌር ሩት ያውጡ። ለ20 ቶን 20 ሲባዛ በ20 400 ነው፤ ስኩዌር ሩቱ 20 ስለሆነ ከ20 ቦታ ይወስዳሉ። ከየቦታው የተወሰደው ተደባልቆ ቢያንስ 4 ኪሎ ግራም ይሁን፤ ከዚያም በናሙና መክፈያ ቢያንስ 500 ግራም የሚመዝኑ የመጨረሻ ናሙናዎች ይዘጋጁ። አንዱ ለምርመራ፣ አንዱ ለባለቤቱ መከራከሪያ፣ አንዱ ለማመሳከሪያ ይታሸጋል። በእጅ እየዘገኑ መክፈል አይቻልም፤ ከባዱ የአጥንት ቅንጣት ወደ ታች ስለሚወርድ ከላይ የተዘገነው ሁልጊዜ ንጹሕ ይመስላል።

ላብራቶሪ ውስጥ የናሙናው እርጥበት ከ14 በመቶ በላይ ከሆነ መጀመሪያ ያድርቁት። በእንክብል የተሠራ መኖ ወይም ጥሬ እህል ሳይፈጭ በ1 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋና የወረደው ብናኝና የቀረው እንክብል ለየብቻ ይመረመራሉ። ብዙዎች የሚዘሉት እርምጃ ቢሆንም ዋጋው ትልቅ ነው፦ አጥንቱ የተገኘው በብናኙ ብቻ ከሆነ ከመጋዘን ወይም ከመኪና የመጣ ብክለት ሊሆን ይችላል፤ በእንክብሉ ውስጥ ከተገኘ ግን ሲቀነባበር የገባ ነው። ለፍርድ ቤትም ሆነ ለአምራቹ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ቢያንስ 50 ግራም ይፍጩ። አፈጫጩ አጭርና ደጋግሞ የሚነፋ ይሁን፦ ጥቂት ሰከንድ ይፍጩ፣ ይንፉ፣ ያላለፈውን ብቻ መልሰው ይፍጩ። አንድ ጊዜ ለረጅም ሰዓት የተፈጨ መኖ ውስጥ አጥንቱ ከሴሎቹ ጉድጓድ ወደሚያንስ ብናኝ ስለሚደቅ የሚታይ መዋቅር አይቀርለትም። መፍጫውን፣ ወንፊቱንና ብሩሹን ከናሙና ወደ ናሙና ሲሸጋገሩ ፈትተው ያጽዱ። የሥጋና አጥንት ዱቄት ባለበት መፍጫ የተፈጨ ቀጣዩ ንጹሕ ናሙና “ተበክሏል” ተብሎ አንድ ፋብሪካ ሊዘጋ ይችላል። የቁጥጥር ዱቄቶችን (ይዘታቸው የታወቀ ማነጻጸሪያዎችን) ለመፍጨት የራሳቸው መፍጫ ቢኖር ይመረጣል።

አጥንቱን ማዝቀጥ

የዘዴው ልብ እዚህ ነው። ቴትራክሎሮኤቲሊን የተባለው ፈሳሽ እፍግታው በሚሊ ሊትር 1.62 ግራም ገደማ ነው። የእህል፣ የፋጉሎና የገለባ ቅንጣቶች በላዩ ይንሳፈፋሉ፤ አጥንት፣ ጥርስ፣ የዓሣ ቅርፊትና ማዕድን ይዘቅጣሉ። ትርፉን ለማየት እንዲህ ያስሉት፦ 0.1 በመቶ ብክለት ባለው 10 ግራም መኖ ውስጥ ያለው የሥጋና አጥንት ዱቄት 10 ሚሊ ግራም ነው። ግማሹ አጥንት ነው ብንል 5 ሚሊ ግራም ይሆናል። መኖው 3 በመቶ የሚዘቅጥ ማዕድን ካለው ዝቃጩ 300 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ በመኖው ውስጥ ከ10,000 ክፍል 5 ብቻ የነበረው አጥንት በዝቃጩ ውስጥ ከ100 ወደ 2 ገደማ ይጠጋል፤ ያኔ በስላይድ ላይ መፈለጉ ትርጉም ይኖረዋል።

ፈሳሹ ለካንሰር የማጋለጥ ዕድል እንዳለው የተመደበ በመሆኑ ሥራው በሙሉ በአየር መምጠጫ ሳጥን ውስጥ ይከናወን። ተራው የላቴክስ ጓንት ያሳልፈዋል፤ ለክሎሪን አዘል ፈሳሾች የተሠራ ጓንት ይጠቀሙ።

1. ከተፈጨው ናሙና 10 ግራም መዝነው ወደ መለያ ፈነል ይጨምሩ። ንጹሕ የዓሣ ዱቄት፣ ማዕድን ወይም ፕሪሚክስ (የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ) ከሆነ 3 ግራም ይበቃል፤ ከዚያ ከበዛ ዝቃጩ ቧንቧውን ይዘጋዋል።
2. 50 ሚሊ ሊትር ቴትራክሎሮኤቲሊን ጨምረው ቢያንስ ለ30 ሰከንድ በኃይል ይነቅንቁ።
3. ሌላ 50 ሚሊ ሊትር ቀስ ብለው በፈነሉ ግድግዳ ላይ እያዞሩ ያፍስሱ፤ የተጣበቁት ቅንጣቶች እንዲወርዱ ነው።
4. ቢያንስ ለ5 ደቂቃ ሳይነኩ ያቆዩት፤ ከዚያ ቧንቧውን ከፍተው ዝቃጩን ብቻ በማጣሪያ ወረቀት ላይ ይቀበሉ።
5. ዝቃጩን በመምጠጫ ሳጥኑ ውስጥ ያድርቁና እስከ 0.001 ግራም በሚለካ ሚዛን ይመዝኑ። ቅንጣቶቹ ትልልቅ ከሆኑ በ0.25 ሚሊ ሜትር ወንፊት ለሁለት ይክፈሉት፤ ሁለቱንም ይመርምሩ።
6. ተንሳፋፊውን አይድፉት።

የመጨረሻውን ነጥብ ማስረዳት ያስፈልጋል። ጡንቻ፣ ፀጉር፣ ላባና የደም ዱቄት ከዚህ ፈሳሽ ይቀልላሉ፤ ስለዚህ ከእህሉ ጋር ይንሳፈፋሉ። አጥንቱ ተነፍቶ የወጣለት የሥጋ ዱቄት ወይም የላባ ዱቄት የገባበት መኖ ዝቃጩ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ዝቃጩን ብቻ አይቶ “የለም” ማለት ግማሽ ምርመራ ነው። የነፍሳት ዱቄትም እንዲሁ ነው፤ የነፍሳት ቅርፊት ቀላል ስለሆነ ለእነሱ ቴትራክሎሮኤቲሊኑን በፔትሮሊየም ኤተር አቅጥነው ቀለል ባለ ፈሳሽ ዳግመኛ ማዝቀጥ ይጠይቃል።

ዝቃጩ ከመጠን በላይ ትንሽ ከሆነ ምክንያቱን ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ ስብ ወይም ሞላሰስ ነው። ስቡ አጥንቱን ከእህሉ ጋር አጣብቆ ያንሳፍፈዋል። የሞላሰስ መኖ በውሃ ታጥቦና ደርቆ፣ ስብ የበዛበት መኖ ደግሞ ስቡ ወጥቶለት ይደገማል።

ቴትራክሎሮኤቲሊን ተጣርቶ እንደገና ይሠራበታል፤ ነገር ግን ከባለፈው ናሙና የተረፈ የአጥንት ብናኝ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ከእንስሳ ፕሮቲን ነጻ መሆኑ የተረጋገጠ መኖ ከእያንዳንዱ ዙር ጋር አብሮ ይሠራ። በዚያ ባዶ ናሙና ላይ አንድ የአጥንት ቅንጣት ከተገኘ የዙሩ ውጤት በሙሉ አይጻፍም። ያገለገለውን ፈሳሽ ወደ ማጠቢያ ገንዳ መድፋት ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ለክሎሪን አዘል ፈሳሽ በተለየ ጠርሙስ ይሰብስቡ።

ቀለም መቀባት

አሊዛሪን ሬድ ካልሲየምን ይዞ አጥንትን፣ የዓሣ አጥንትንና ቅርፊትን ከሮዝ እስከ ወይን ጠጅ ያቀላል። ለማዘጋጀት 2.5 ሚሊ ሊትር የ1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ አቅጥነው 200 ሚሊ ግራም አሊዛሪን ሬድ ያሟሙበት።

የደረቀውን ዝቃጭ በመስታወት ቱቦ አድርገው በ5 ሚሊ ሊትር ኢታኖል ሁለት ጊዜ ያጥቡ፤ በእያንዳንዱ ለ30 ሰከንድ በቮርቴክስ (ቱቦ በሚያሽከረክር ማደባለቂያ) ያማስሉ፣ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ያስተኙ፣ ፈሳሹን ያፍስሱ። ቀጥሎ ቢያንስ 1 ሚሊ ሊትር ሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ 9 በመቶ ንቁ ክሎሪን ያለው፣ ጨምረው 10 ደቂቃ ይቆይ። ቱቦውን በውሃ ሞልተው ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ካስተኙ በኋላ ውሃውን ያፍስሱ፤ በ10 ሚሊ ሊትር ውሃ ሁለት ጊዜ ያጥቡ። አሁን ከ2 እስከ 10 ጠብታ አሊዛሪን ሬድ ጨምረው ያማስሉ፣ 30 ሰከንድ ይጠብቁ፣ በኢታኖል ሁለት ጊዜ፣ በአሴቶን አንድ ጊዜ አጥበው ያድርቁ።

በመሐል ያሉት የውሃ እጥበቶች ለሥርዓት የተጨመሩ አይደሉም። የቀረ ሃይፖክሎራይት ከቀለሙ አሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ቀለሙንም አጥፍቶ አጥንቱን ነጭ ያስቀረዋል። ከኢታኖልና ከአሴቶን ጋርም በኃይል ይዋሃዳል። በመደብር የሚሸጥ ተራ በረኪና ደግሞ ከሚፈለገው በጣም የቀጠነ ስለሆነ ኦርጋኒክ ቁሱን በ10 ደቂቃ አያነጣውም፤ ውጤቱ የደበዘዘና የማያስተማምን ቀለም ነው።

ቀለሙ ፈላጊ ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። ካልሲየም ያላቸው ማዕድናትም ቀለም ሊይዙ ይችላሉ። ቀልቶ የታየ ሁሉ በመዋቅሩ እስኪረጋገጥ ድረስ ተጠርጣሪ ብቻ ነው። በኖራ ድንጋይና በአጥንት መካከል ከተቸገሩ ያልተቀባ ዝቃጭ ላይ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ያድርጉ፦ ኖራው ወዲያው በኃይል ይፈላል፤ አጥንቱ ቀስ ብሎ ጥቃቅን አረፋ ይሰጣል።

በማይክሮስኮፕ ማየት

ለዝቃጩ ግሊሰሮል ተስማሚ መያዣ ነው፤ ስታርች ለሞላበት ተንሳፋፊ ክሎራል ሃይድሬት ያጠራል። ስላይዱን ከጥግ እስከ ጥግ በመስመር በ100 እጥፍ ይቃኙ፤ አጠራጣሪውን በ200 እና በ400 እጥፍ ያረጋግጡ። አንድ ስላይድ የሚይዘው ከዝቃጩ ትንሽ ክፍል ስለሆነ በአንዱ አይወሰኑ።

የየብስ እንስሳ አጥንት በውስጡ የአጥንት ሴሎች የነበሩባቸው ጉድጓዶች አሉት። አየር ስለያዙ ጠቁረው ይታያሉ። በአጥቢ እንስሳት ጉድጓዶቹ ሞላላ ናቸው፤ ከእያንዳንዳቸው እንደ ሸረሪት እግር የቀጠኑ ቦዮች ይወጣሉ። የዶሮ አጥንት ጉድጓዶች ቁጥራቸው የበዛ፣ ቅርጻቸው ወደ ክብ ያደላ ነው፤ ቅንጣቶቹም ሹልና ስንጥር መሰል ይሆናሉ። ግን በአንድ ቅንጣት ላይ ተመሥርቶ “ይህ ዶሮ ነው” ማለት አይገባም፤ የሁለቱ ቅርጾች ይገናኛሉ። የዓሣ አጥንት ጉድጓዶች ካሉት ረዣዥምና ሁለት ጫፋቸው የሾለ ነው፤ ብዙ ዓሦች ግን ጭራሽ የሴል ጉድጓድ የሌለው አጥንት አላቸው። ይህ አጥንት እንደ መስታወት ጥርት ያለ ስለሆነ አዲስ ተንታኝ በቀላሉ ማዕድን ነው ብሎ ያልፈዋል።

ስላይዱን አዘጋጅቶ ለነገ ማሳደር አይበጅም። ግሊሰሮሉ ቀስ እያለ በቦዮቹ ገብቶ ጉድጓዶቹን ሲሞላ አየሩ ይወጣል፤ ጥቁሮቹ ነጥቦች ይጠፋሉ፣ ትናንት የላም አጥንት የነበረው ዛሬ የጉድጓድ አልባ ዓሣ አጥንት ይመስላል። ለማስረጃ መቆየት ያለበትን ቅንጣት ወዲያው ፎቶ ያንሱት፤ ከዚያ በሚደርቅ ሙጫ ላይ ያኑሩት።

በተንሳፋፊው ውስጥ ጡንቻው ቢጫማ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ክር ሆኖ ይታያል። የሚያረጋግጠው በክሩ ላይ የሚታዩት እኩል የተራራቁ አግዳሚ መስመሮች ናቸው። መስመሮቹ ካልታዩ የእህል ግሉተን ሊሆን ስለሚችል ጡንቻ ብለው አይቁጠሩ። ደም ቡናማ ወይም ቀይ ጥቁር የመስታወት ስብርባሪ ይመስላል፤ በቴትራሜቲልቤንዚዲንና በሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ውሁድ ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ይለወጣል። ፀጉር፣ ላባ፣ ቀንድና ሰኮና በሊድ አሴቴትና በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውሁድ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ሲሞቁ ጥቁር ቡናማ ይሆናሉ። በመጋዘን ከሚኖሩ አይጦችና ወፎች የሚወድቅ ፀጉርና ላባ ግን በየትኛውም መኖ ሊገኝ ይችላል፤ አንድ ሙሉ፣ ያልተቀቀለ ላባና በፋብሪካ የተቀቀለ የላባ ዱቄት እኩል አይታዩም።

ቆጠራው ጥቂት ሲሆን አይቸኩሉ። ከ1 እስከ 5 ቅንጣት ከተገኘ ከአዲስ 50 ግራም ክፍል እንደገና ይፍጩ፣ ያዝቅጡ፣ ይቁጠሩ። ያንኑ ዝቃጭ ደግሞ ማየት ድጋሚ ምርመራ አይባልም፤ ብክለቱ ከላብራቶሪው ከገባ ሁለተኛ ጊዜም ያገኙታል።

ፒሲአር

የበሰለ ዱቄት ዲኤንኤ የተቆራረጠ ነው። ስለዚህ ኢላማው በጣም አጭር፣ ከ100 ቤዝ ጥንድ በታች፣ ደግሞም በአንድ ሴል ውስጥ ብዙ ቅጂ ያለው መሆን አለበት። ለረጅም ቁራጭ የተነደፈ ፕራይመር (ማባዛቱን የሚያስጀምር አጭር የዲኤንኤ ክር) በጥሬ ሥጋ ላይ ድንቅ ሠርቶ በበሰለ ዱቄት ላይ ምንም አያሳይም።

ከእያንዳንዱ ናሙና 100 ሚሊ ግራም ለሁለት ጊዜ መዝነው ዲኤንኤውን ለየብቻ ያውጡ፤ ናሙና ያልገባበት ባዶ ማውጫም አብሮ ይሂድ። እያንዳንዱን ውጤት ሳያቀጥኑና 10 እጥፍ አቅጥነው ያሂዱ። በሁለቱ መካከል የሲቲ (ምልክቱ የታየበት የማባዣ ዙር ቁጥር) ልዩነት 3.3 አካባቢ መሆን አለበት። ልዩነቱ ከዚያ በጣም ካነሰ፣ ወይም የቀጠነው ቀድሞ ከወጣ፣ በመኖው ውስጥ ፒሲአሩን የሚያፍን ነገር አለ፤ ያልቀጠነው “የለም” ቢል አይታመንም።

“ከዚህ ሲቲ በታች አለ፣ ከዚህ በላይ የለም” የሚለው ወሰን ከሌላ ላብራቶሪ አይቀዳም። ማሽኑ፣ ሪኤጀንቱና ፕሮቡ ሲለያዩ ያው ናሙና የተለያየ ሲቲ ይሰጣል። የቅጂ ቁጥራቸው በታወቀ መለኪያዎች በራስዎ ማሽን ላይ ያውጡት፤ ሪኤጀንት ሲቀየር እንደገና ያረጋግጡት። ማውጫው ክፍል፣ ማዘጋጃው ክፍልና ማሽኑ ያለበት ክፍል ይለያዩ፤ ሰውም ዕቃም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሂድ።

የሚያመሰኩ እንስሳት ዲኤንኤ ተገኝቶ በመኖው ላይ የወተት ዱቄት ከተገለጸ ውጤቱ ብቻውን ጥሰት አያረጋግጥም። ወደ ማይክሮስኮፑ ይመለሱ፦ በዝቃጩ ውስጥ የየብስ እንስሳ አጥንት አለ? ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ዲኤንኤው ግን አሁንም ከወተቱ ሊሆን ስለሚችል ከተቻለ ቅንጣቶቹን ለቅመው ዲኤንኤውን ከእነሱ ያውጡ። ኤላይዛም (ፕሮቲንን በፀረ እንግዳ አካል የሚለይ ምርመራ) ይረዳል፤ በጡንቻ ውስጥ የሚገኘውንና ሙቀት የሚቋቋመውን ትሮፖኒን አይ (troponin I) የተባለ ፕሮቲን የሚፈልገው ኪት ወተትንና ጄላቲንን ስለማያነብ ጥያቄውን ያጠብባል። ከመጠን በላይ የበሰለ ዱቄት ላይ ግን ይደክማል፤ ስለዚህ የኤላይዛ “የለም” የፒሲአርን “አለ” አይሽርም። ደምን ከወተት የሚለዩት የፔፕታይድ ምልክቶች በማስ ስፔክትሮሜትሪ ይነበባሉ፤ ዋጋው ግን ለዕለታዊ ቁጥጥር አይመችም።

ውጤት አጻጻፍ

ቅንጣት ካልተገኘ “መኖው ከእንስሳ ፕሮቲን ነጻ ነው” ተብሎ አይጻፍም። ትክክለኛው አገላለጽ፦ በማይክሮስኮፕ መለየት እስከተቻለ ድረስ በቀረበው ናሙና ውስጥ ከየብስ እንስሳ የመጣ ቅንጣት አልተገኘም። ከተገኘ የቅንጣቱ ዓይነት፣ የተገኘበት ክፍል (ዝቃጭ ወይም ተንሳፋፊ፣ ብናኝ ወይም እንክብል) እና የድጋሚው ቆጠራ ይጻፋል። ከቅንጣት ቁጥር ተነሥቶ “0.3 በመቶ የሥጋና አጥንት ዱቄት” ማለት አይቻልም፤ የአጥንቱ ድርሻ ከዱቄት ዱቄት ይለያያል። በፒሲአር ውጤት ላይም “የሚያመሰኩ እንስሳት ዲኤንኤ ተገኝቷል” ይባላል እንጂ “የላም ሥጋ ዱቄት ተገኝቷል” አይባልም።

የቀረውን ዝቃጭ፣ ተንሳፋፊውን፣ ያልተፈጨውን ናሙናና ፎቶዎቹን አቤቱታ የሚቀርብበት ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ በየመለያ ቁጥራቸው አሽገው ያቆዩ።